ኤክስታሲ በውሃ ይታጠባል እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ ቅዳሜ ማታ ፓርቲ ላይ አንድ የኤክስታሲ ኪኒን ወሰድኩ፣ በህይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ መንጋጋዬን ያመኛል፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ደግሞ ያለምክንያት አለቅሳለሁ። ከሰውነቴ ለመውጣት ስንት ቀን ይፈጅበታል? ቶሎ እንዲታጠብልኝ በቀን 6 ሊትር ያህል ውሃ እየጠጣሁ ነው። ለመንጋጋዬ ትራማዶል፣ ለድብርቱ ደግሞ የጓደኛዬን ፍሉኦክሰቲን ጀምሬያለሁ። (ሴት፣ 24 ዓመት)

መልስ፦ እህቴ፣ ኤክስታሲውማ ወጥቷል። በየ8 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ስለሚሄድ እስከ ዛሬ የቀረ ካለም ኢምንት ነው። ግን እንቅልፍ የነሳሽ እሱ አይመስለኝም፣ «ጭንቅላቴን አበላሸሁት፣ እንዲሁ እያለቀስኩ ልቀር ነው» ብለሽ ነው የፈራሽው። አትቀሪም። ቅዳሜ የማታውቂውን ሰው ሁሉ ስታቅፊ ያመሸሽው አእምሮሽ ያጠራቀመውን ሴሮቶኒን የሚባል ስሜት የሚያነቃ ኬሚካል በአንዴ ስላፈሰሰው ነው፣ እስኪተካ ድረስ ሆድ ይብሳል፣ አብዛኛው ሰው በሳምንት ውስጥ ይመለስለታል። መንጋጋሽም ሌሊቱን ጥርስሽን ነክሰሽ ስላደርሽ ነው።

አሁን ወደ ውሃው። ይሄን «ውሃ በላይ በላዩ ጠጪበት» የሚሉትን ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ኤክስታሲ ሰውነትን ያግላል፣ እውነት ነው፣ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ጡንቻ ይፈርሳል ኩላሊትም ሥራ ሊያቆም ይችላል፣ ስለዚህ ማረፍ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ መውጣት፣ ጎንጨት ጎንጨት ማለት ጥሩ ነው። ግን ያው ኪኒን ኩላሊትን «ውሃ እንዳትለቅ» የሚል ሆርሞንም ያስረጫል፣ የጠጣሽው ሽንት ሆኖ አይወጣም፣ ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም (ጨው) ይቀጥናል፣ አእምሮ ያብጣል፣ የራስ ቅል ደግሞ አይለጠጥም። እ.ኤ.አ. በ1995 እንግሊዝ ውስጥ 18ኛ ልደቷን የምታከብር ልጅ አንድ ኪኒን ወስዳ በ90 ደቂቃ ውስጥ 7 ሊትር ያህል ውሃ ጠጥታ ነው የሞተችው። አንድ ኪኒን! በዚህ በሶዲየም መውረድ ደግሞ ይበልጥ የሚጎዱት ሴቶች ናቸው። ድንገተኛ ክፍል ጓደኞቿ ደግፈው ያመጧት ልጅ ትዝ ትለኛለች፣ ስሟን ስጠይቃት ፈገግ ከማለት በቀር አትመልስም፣ እነሱ «ምርቃናው ገና አልወረደላትም» ይሉኛል፣ የውሃ ጠርሙሷን እንደጨበጠች ነበር። ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ መቀባዠር፣ ጥሪ አለመስማት ካለ ትንሽ ትተኛ አይባልም፣ ውሃም አይጨመርላትም፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ።

እና አንቺ እዚህ ላይ ፍሉኦክሰቲን ጨመርሽበት። እሱ ራሱ ሶዲየም ሊያወርድ ይችላል፣ ለድብርት ደግሞ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፣ በሁለት ቀን ምን እንዲያደርግልሽ ነው? ከትራማዶል ጋር ሲገናኝ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ከዚያም አልፎ መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል። አራት ቀን ሙሉ ኪኒን በኪኒን ላይ ስትደርቢ ሐኪም ጋ ልሂድ አላልሽም፣ እኔን ለመጠየቅ እንኳ ረቡዕን ጠበቅሽ።

ሁለቱንም አቁሚ። ውሃ ሲጠማሽ ብቻ ጠጪ። ዛሬውኑ ሄደሽ ሶዲየምሽን ተለኪ፣ የወሰድሽውን አንድም ሳትደብቂ ንገሪያቸው፣ ሐኪሞች ናቸው እንጂ ፖሊስ አይደሉም። ሐዘኑ ሁለት ሳምንት ካለፈው ተመልሰሽ ሂጂ፣ «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሃሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀንም አይታደርም። ለመንጋጋሽ ሞቅ ያለ ፎጣ ያዢበት፣ እየተሻለው ይሄዳል። የተረፈውን ፍሉኦክሰቲን ደግሞ ለጓደኛሽ መልሺላት፣ ለሷ የታዘዘ ነው፣ ይጎድልባታል።