ጠበል የያዘ ሰው ክኒኑን ያቁም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎት ከሱሉልታ ነው። አባቴ የአንገታቸው የደም ሥር ጠቦ ስቴንት (የጠበበውን ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ከገባላቸው ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ታዞላቸዋል። አሁን እንጦጦ ጠበል ይዘዋል። አብረዋቸው ያሉት «ክኒንና ጠበል አይሄዱም» ስላሏቸው ሁለቱንም አቁመዋል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ አሁኑኑ ለሐኪማቸው ደውዪ። መቼ እንዳቆሙ ንገሪው፤ እንዴት እንደሚቀጥሉ እሱ ይንገርሽ። ቀሪውን ከዚያ በኋላ አንብቢ።

«ክኒን የዋጠ አላመነም» ሲባል ስንት ጊዜ ሰማሁ! ንጉሥ ሕዝቅያስ አልቅሶ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም «እፈውስሃለሁ» አለው። ይህ ቃል ከተሰጠ በኋላ ነው ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ እባጩ ላይ ያስደረገው (2ኛ ነገ. 20)። ታዲያ ነቢዩ እምነት ጎደለው? አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጣሉ በግልጽ ተናግረዋል።

አዲስ የገባ ስቴንት ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ሁለቱ ክኒኖች ቢያንስ ለመጀመሪያው ወር አብረው የሚሰጡት ለዚህ ነው። ከዚያ አንዱ፣ ብዙ ጊዜ አስፕሪኑ፣ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ጠበል ቦታ የሰው አፍ ሲጣመም፣ እጁ ሲዝል፣ ምላሱ ሲተሳሰር «መንፈሱ እየለቀቀው ነው» ይባላል። ኧረ በእግዚአብሔር! ይህ የስትሮክ ምልክት ነው። ስቴንቱ በገባበት በኩል ኃይለኛ ራስ ምታት ቢነሳ ወይም ቢያንቀጠቅጣቸውም ዝም አይባልም። ጠቦ የኖረው መንገድ ሲከፈት ደም በኃይል ወደ አንጎል ይሄዳል፤ የደም ግፊት ከፍ ካለ ደግሞ ይብሳል፤ እስከ መድማት ሊያደርስ ይችላል። ክፉ መንፈስ የለም አልልም፤ ጌታችን ሲያወጣ በወንጌል እናነባለን። እንዲህ ያለ ሰው ግን ተራ አይጠብቅም። መኪና ፈልጉና ሆስፒታል አድርሷቸው። ጸሎቱ መንገድ ላይ ይደረጋል።

«ድኛለሁ፣ ደግሞ ምን ልታይ?» እንዳይሉሽም እፈራለሁ። ጌታችን ዐሥሩን ለምጻሞች «ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» ብሎ ልኳቸዋል (ሉቃ. 17፥14)። የፈወሳቸው እሱ ሆኖ ሳለ ይታዩ አለ። ስቴንቱ ምንም ሳያሳምም ተመልሶ ሊጠብ ይችላል። በአልትራሳውንድ የሚታየው ለዚህ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በወሩ፣ በስድስት ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ቀጠሮው እንዳያመልጣቸው።

ጠበሉን አይተዉ። ከፈለጉ ክኒኑን በጠበሉ ይዋጡት። እምቢ ካሉሽ የንስሐ አባታቸውን አናግሪ፤ እኔንም በስልክ አገናኚኝ።