መልስ፦ ስፒከር ቀይሬ ቤዙ ጠፋ፣ ድምፁም ይቆራረጣል ላልከው

ወንድሜ፣ የቪትዝህን የፊት በር ስፒከሮች በአዲስ ቀይረህ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ከድሮውም ባሰ ብለሃል። ስፒከሩን ለመመለስ አትቸኩል። እኔ በጣም የምጠረጥረው የአንዱ በር ፕላስና ማይነስ ተገልብጦ መታሰሩን ነው። አንዱ ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ይስባል። ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል ማለት ነው።

መጀመሪያ ምንም ሳትፈታ ባላንሱን (የግራና የቀኝ ድምፅ ማስተካከያውን) ወደ አንድ በር ብቻ ውሰደው። በአንዱ ብቻ ሲጫወት ቤዙ ከሁለቱ ከበለጠ፣ ችግሩ ይሄው ነው። ከዚያ የስፒከሩን ሽቦ ከቴፑ (ከመኪናው ሬዲዮ) ለይና በ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለአፍታ ብቻ ንካው። ፕላስ ከፕላስ ሲገናኝ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ወደ ውስጥ ከገባ ገልብጠህ እሰረው። የሽቦ ቀለም ብቻ አትመን፤ ከአንተ በፊት መኪናውን የነካካ ሰው ይኖራል።

መቆራረጡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በሩን ስትከፍትና ስትዘጋ የሚብስ ከሆነ፣ በበሩና በቦዲው መሃል ባለው ላስቲክ ውስጥ የሚያልፈውን ሽቦ እይ። እዚያ ጋ በመታጠፍ ብዛት ይበጠሳል። ተጠማዞ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ቅጥያም በሙቀት ይላላል፤ በሊድ ይበየድ።

ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካለህ ቴፑን አጥፍተህ ለካ። ባለ 4 ኦም ስፒከር ከ3 እስከ 4 ኦም ገደማ ያሳያል። ወደ 0 ከተጠጋ ሾርት አለ። አደራህን፣ የተላጠ ሽቦ ቦዲ እንዳይነካ፤ ቴፑን ሊያቃጥልብህ ይችላል።

የባላንሱን ውጤት ጻፍልኝ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።