ነርቨስ፣ ወሪድ፣ አንክሸስ፦ ስለ ሦስት የእንግሊዝኛ የስጋት ቃላት፣ ለወጣት ተርጓሚዎች

ልጆቼ፣

ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን የተረጎምኩትን አንድ ደብዳቤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ጸሐፊው «አንክሸስ ቱ ሚት ዩ» ይላል። እኔም «ከእርስዎ ጋር መገናኘቱ አስጨንቆኛል» ብዬ ገለበጥኩት። ሰውየው ያለው «ላገኝዎት ጓጉቻለሁ» ነበር። ተቀባዩ ቅር ተሰኘ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። «አንክሸስ» «ቱ» ሲከተለው ብዙ ጊዜ ጉጉት ነው፤ «አባውት» ሲከተለው ጭንቀት።

«ነርቨስ» ቀላሉ ነው። ፈተና አዳራሽ በር ላይ መዳፍ ሲያልብ፣ ለቃለ መጠይቅ ስትጠሩ ድምፅ ሲርበተበት። ጉዳዩ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።

«ወሪድ» ግን ሐሳብ ነው። ልጇ አምሽቶባት በር በሩን የምታይ እናት ወሪድ ናት፤ ምን እንዳሳሰባት ብትጠየቅ ትናገራለች። ቃሉ በጥንቱ እንግሊዝኛ «ማነቅ» ማለት ነበር፤ ዛሬም ውሻ በግ እየነከሰ ሲያዋክብ በዚሁ ቃል ይነገራል።

«አንክሸስ»ም ሥሩ ላቲን ሆኖ ከዚያው ከማነቅና ከመጭመቅ የመጣ ነው። እኛስ «ጨነቀኝ፣ ጠበበኝ» እንል የለ? ይህን ሳስተውል ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች ያንኑ ደረት ላይ የሚሰማ ጥበት ይዘው ቃል አበጁለት። አንክሸስ የሆነ ሰው ምክንያቱን ብትጠይቁት ላያውቀው ይችላል። ስጋቱ የሚያርፍበት ነገር ላይኖረው ይችላል።

አሁን አሁን ለፈተና የተርበተበተ ተማሪ ሁሉ «አንግዛይቲ አለብኝ» ሲል እሰማለሁ። ቃሉ ከ«አንክሸስ» የወጣ ስም ሆኖ የሕመምም መጠሪያ ስለሆነ እንዲህ ሲባል ያሳስበኛል። የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው የምርመራ መመሪያ፣ ስለ ብዙ ነገር መላልሶ የሚመጣውንና ሰው ሊገታው የሚቸገረውን ስጋት ሕመም ለማለት፣ ከሌሎች ምልክቶች ጋር ቢያንስ 6 ወር መቆየቱን ይጠይቃል። ከዚህ የባሰው ግን ተቃራኒው ስሕተት ነው፦ ለወራት እንቅልፍ ያጣ ሰው የተናገረውን አስተርጓሚው «ነርቨስ» ብሎ ሲያቀለው፣ ሐኪሙ የሚሰማው ነገ የሚለቅ መርበትበት ነው።

ስለዚህ ታካሚ «ጨነቀኝ» ሲል፣ በሐኪሙ ፈቃድ «ምኑ? ከመቼ ጀምሮ?» ብላችሁ ጠይቁት። የእንግሊዝኛውን ቃል ከመልሱ በኋላ ምረጡ።