ኤራጎንን ለልጅሽ ልትገዢ ላሰብሽው እህቴ

"ልጄ 13 ዓመቱ ነው፤ ኤራጎን የሚባል የዘንዶ ልብ ወለድ ግዢልኝ እያለ ቁም ስቅሌን አሳየኝ። ይጠቅመዋል? እንግሊዝኛውስ አይከብደውም? ደሴ ላይ የት አገኛለሁ?" ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ አብሽሪ። "ጥሩ ነው፣ ግዢለት" ብለው ያለፉት ሰዎች መጽሐፉን የከፈቱት አይመስለኝም። እኔ አንብቤዋለሁ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ለእህቴ ልጅ ብዬ ገዝቼው የሌሊት ፈረቃ ላይ እኔው ተጠምጄበት ቀረሁ። ያንቺም ልጅ እንደኛው መሆኑ ከአጠያየቅሽ ያስታውቃል። ታሪኩን እሱ ነግሮሽ ሰልችቶሽ ይሆናል፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ምክሩ ልግባ።

1. ሳትከፍዪ በፊት መጽሐፉን ከፍተሽ ፊቱንና ኋላውን እዪ። ኦርጅናሉ ከፊት ደራሲው ራሱ የሳለው ካርታ አለው። ከኋላ ደግሞ የስሞቹ አነባበብና በታሪኩ ውስጥ አስማት የሚሠራበት የጥንቱ ቋንቋ ፍቺ አለው። እነዚህ ከሌሉ በእጅሽ የያዝሽው ኮፒ ነው። ኮፒ ደግሞ የት ጋ እንደሚቋረጥ አይታወቅም።

ይህን የምልሽ ተቃጥዬ ነው። ደሴ ውስጥ አንድ ሻጭ ነው የሸጠልኝ። ሽፋኑ ያብረቀርቃል፤ ሰማያዊዋ ዘንዶ አፍጥጣ ታይሻለች። በላስቲክ ተጠቅልሏል። "ኦርጅናል ነው?" አልኩት። "እናቴ ትሙት ኦርጅናል ነው!" አለኝ። ላስቲኩን ልክፈተው ስለው "ከከፈትከው ትገዛዋለህ" አለ። ገዛሁት። ኮምቦልቻ ወርጄ ስንከፍተው ውስጡ ፎቶ ኮፒ ነው። ጠርዝ ላይ ያለው ቃል እየተቆረጠ ነው የታተመው። ካርታው የለም። ይሁን ብለን ዋጥ አደረግነው።

ልጁ ግን ወደደው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ ነበር የሚያነበው። መጨረሻው ላይ በድንኮቹ ተራራ ውስጥ ትልቁ ጦርነት ይጀመራል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኤራጎን ዱርዛ ከሚባለው ክፉ ጋር ብቻውን ይገጥማል። ሰይፍ ለሰይፍ ተያያዙ። ገጹን ሲገልጥ የኋላው ሽፋን መጣ! ልጁ መጽሐፉን ገልብጦ አራገፈው፤ የወደቀ ገጽ ካለ ብሎ። "አጎቴ፣ ቀሪውስ?" ሲለኝ ምን ልበለው?

በነጋታው ሚኒባስ ይዤ ወደ ደሴ ወጣሁ። ዶሮ መዝለያ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት መኪናው በእግር ጉዞ ነበር የሚሄደው። እኔ ውስጤ እየበገነ ነው። ሱቁ ደርሼ የጎደለውን ሳሳየው ሰውዬው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ወንድሜ፣ አንብቦ መመለስ አለ እንዴ? ዋናውን አንብባችሁታል፤ የቀረውን ፊልሙን እዩት።" ሰው ፊት ነው። ከጎኔ ደብተር የሚገዙት ሴትዮ ሳቁብኝ። ብሩ አይደለም ያናደደኝ፤ "እዩት" ያለበት አነጋገር ነው። ሱቁን አልጠራም፤ አንቺ ግን የላስቲክ መጠቅለያ ያለው ነገር ሁሉ አዲስ እንዳይመስልሽ።

2. ፊልሙን አታሳዪው። ቢያንስ መጀመሪያ አታሳዪው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ነው። እኛ የሻጩን ምክር ሰምተን አየነው። ሳፊራ፣ ማለትም ዘንዶዋ፣ ገና ጫጩት ሆና ወደ ሰማይ ትበርና ደመና ውስጥ ገብታ ስትወጣ አድጋ ቁጭ! ልጁ ሪሞቱን ወረወረው። ልክ ነበር። የመጽሐፉ ጣዕም እኮ አስተዳደጓ ነው። ኤራጎን የደሃ ገበሬ ቤት ልጅ ነው። የዘንዶ እንቁላል መሆኑን ሳያውቅ ድንጋይ መስሎት ለሥጋ ሻጩ ሊለውጠው ይሞክራል፤ ክረምቱን የሚበሉት ሥጋ እንዲያገኙ ብሎ። ስትፈለፈል ከቤተሰቡ ደብቆ ዛፍ ላይ ጎጆ ይሠራላታል፤ ሥጋ እየደበቀ ያበላታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዋ ላይ ሲወጣ ደግሞ እንደ ሌላው ተረት በደስታ አይንሳፈፍም። ቅርፊቷ የእግሩን ቆዳ በውስጥ በኩል ይገሸልጠዋል፤ ሲወርድ መቆም ያቅተዋል። ገጠር ያለ ኮርቻ ፈረስ የጋለበ ወሎዬ ይሄን ሲያነብ እግሩን ይሰበስባል። ፊልሙ ይሄንን ሁሉ በሩጫ አልፎታል። ተከታይ ክፍል ሳይሠራለት መቅረቱም አልገረመኝም።

አስማቱም ቢሆን ልክ አለው። ድንጋይ በቃል ብታነሺ የሚወጣብሽ ጉልበት በእጅ ከማንሳት አይተናነስም። ከአቅም በላይ ከሞከርሽ ትሞቻለሽ። ነፃ የሆነ ነገር የለም። ይህን ሕግ ነው እኔ የወደድኩለት።

3. ጥያቄሽ ሥር አንድ ወንድም "ዘንዶ የሰይጣን ምልክት ነው፣ ልጅሽን እንዳታስነኪው" ብሎሻል። ስጋቱን አልንቅም። ያደግነው ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ በሥዕል እያየን ነው። አያቶቻችን የሚያወሩት የአርዌ ታሪክም ልጃገረድ እየተገበረለት አገር ያስጨነቀ ንጉሥ ዘንዶ ነው። እዚህ መጽሐፍ ላይ ግን ክፉው ጋልባቶሪክስ የሚባል ሰው ነው። ራሱ ዘንዶ ጋላቢ ነበር፤ ወገኖቹን ከድቶ፣ አጥፍቶ ነገሠ። አርዌን ፈልጊ ካልሽኝ እኔ የማገኘው በእሱ ነው። ሳፊራማ ልጁን የምትቆጣ፣ የምትመክር፣ ሲሳሳት የምታኮርፍ ናት። እንዲያውም ከእሱ ይልቅ እሷ ናት ልብ ያላት።

ይልቅ የሚያሳስብሽ ሌላ ነገር ይሁን። ያዙዋክ የምትባል መንደር አለች። ገብተው የሚያገኙት የተከመረ ሬሳ ነው፤ ሕፃን ሳይቀር። ከዚያም በፊት የኤራጎን ቤት ይወድማል፤ ያሳደገው አጎቱም ይሞታል። ለአዲስ አበባ ልጅ ይሄ ልብ ወለድ ነው። የኛ ልጆች ግን የ2014ን ጦርነት አይተዋል። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሰው ሁሉ ፍራሹን ጭኖ ሲሰደድ የእህቴ ልጅ እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ነው የወጣው። አጎትየው የሞተበት ምዕራፍ ላይ ሲደርስ መጽሐፉን ዘግቶ እኔ ያለሁበት ክፍል መጣ። ምንም አላለም፤ አጠገቤ ተቀመጠ። ቴሌቪዥኑን አብረን አየን። በማግስቱ ካቆመበት ቀጠለ። አታንብብ አላልኩትም። አንቺም ከልክዪው አልልሽም፤ ግን እዚያ ሲደርስ ቤት ሁኚ።

እንግሊዝኛው አልዋሽሽም፣ ይከብዳል። 500 ገጽ ገደማ ነው። መቶኛው ገጽ አካባቢ እስኪደርስ ልጁ ብዙ ጊዜ ሊተወው ይፈልጋል። ደራሲው ጫካ መግለጽ ከጀመረ አንዲት ቅጠል አትቀረውም። እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው፦ መዝገበ ቃላት ቀማሁት። አንድ ምዕራፍ ያነባል፣ ማታ በአማርኛ ይተርክልኛል። ያልገባውን እየዘለለ መጣ፤ ቆይቶ መዝለሉን ራሱ ተወው። የኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ነው፤ ያንቺም አያቅተውም። ደግሞ ልጅሽ ተስፋ ሲቆርጥ ይህንን ንገሪው፦ ኤራጎን ራሱ 15 ዓመት ሞልቶት ማንበብ አይችልም! ብሮም የሚባለው ሽማግሌ ይህን የሚያውቀው ቴርም የምትባል የወደብ ከተማ ሲደርሱ ነው። ጠላታቸውን ለማግኘት የመርከብ ጭነት መዝገብ ማገላበጥ አለባቸው፤ ልጁ ግን ፊደል አያውቅም። ቁጭ አድርጎ ፊደል ያስቆጥረዋል። የእህቴ ልጅ እዚህ ጋ ሲደርስ ትከሻው ሰፋ። "እኔ እበልጠዋለሁ" አለኝ።

ደራሲው ክሪስቶፈር ፓኦሊኒ ይህን መጽሐፍ የጀመረው ገና በ15 ዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ የተማረ የሞንታና ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ወላጆቹ ናቸው፤ እሱም የድሮ ዘመን ልብስ ለብሶ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ መጻሕፍቱ እየዞረ አስተዋወቀው። በ2003 ትልቅ አሳታሚ ወሰደው። ዕድሜው ጽሑፉ ላይ ያስታውቃል። ገበሬ ልጅ፣ ሽማግሌ አስተማሪ፣ ክፉ ንጉሥ፣ ሸማቂዎች... ስታር ዋርስን ያየ ሰው "ይሄንንማ አውቀዋለሁ" ይላል፤ እውነቱን ነው። ሌላም አለ። ነገር ሲወሳሰብ ኤራጎን ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ሲነቃ ሌላ ቦታ ነው። በዛ! ሌሊት ፈረቃ ላይ ብቻዬን ያሳቀኝ እሱ ነው። ለ13 ዓመት ልጅ ግን ይህ ሁሉ ምንም አይደለም።

ቁጥር መስጠቱን ትቼው ኖሯል፤ ልቀጥል። ተከታታይ ነው። ኤራጎን፣ ኤልደስት፣ ብሪሲንገር፣ ኢንኸሪታንስ፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2011 የወጡ አራት ናቸው። በ2023 ሙርታግ የሚባል ተጨምሯል። ሻጭ ሁለተኛውን ይዞ "ራሱን የቻለ ነው" ቢልሽ እንዳትሰሚው። ሁለተኛው ላይ የአጎቱ ልጅ ሮራን ይመጣል። ዘንዶ የለው፣ አስማት የለው፣ መዶሻ ብቻ ይዞ መንደሩን ሙሉ ከሞት ያወጣል። ለኔ ከኤራጎን ይበልጥብኛል፤ በዚህ ከእህቴ ልጅ ጋር እስካሁን አልተስማማንም። ሦስተኛው ላይ ነኝ፤ ይጎተታል።

የት ታገኛለሽ? ኦርጅናሉን ፍለጋ እዚህ አንድ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ነበር። ሠራተኛዋ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል "የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ የለም" አለችኝ። መደርደሪያው ላይ ከኋላዋ ተደርድሮ ይታየኛል! ሙግቱን ትቼ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት ያገለገለ መጽሐፍ ሻጮች አገኘልኝ። ከመክፈሉ በፊት ካርታውንና የመጨረሻዎቹን ገጾች ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፤ አንቺም እንደዚያ አስደርጊ። በአውቶቡስ ረዳት እጅ መጣ። ዋጋው ከዚያ ኮፒ ብዙም አለመብለጡ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

አዲስ አበባ ሰው ከሌለሽ በውስጥ ጻፊልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ደሴ ስለምወጣ የኛን የመጀመሪያውን አውሼሽ እመለሳለሁ። ገጽ እንዳያጥፍና እየበላ እንዳያነብ ብቻ ንገሪው። ሁለተኛውን ግን አሁን አልችልም፤ የእህቴ ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ጀምሮታል።