የማንጎ ዲኤንኤ ሲጠቁር

ጥያቄ፦ በጃቢ ጠህናንና በወንበርማ በገበሬዎች ጓሮ ያሉትን የአገር ማንጎዎች የዘረመል ስብጥር ለማጥናት ቅጠል ሰብስቤ ነበር። የማወጣው ዲኤንኤ ግን ቡናማና ዝልግልግ ነው፤ ፒሲአር (ዲኤንኤን የማባዛት ዘዴ) ሳደርግም ምንም ባንድ (በጄል ላይ የሚታይ የዲኤንኤ መስመር) አይታይም። ማርከሩንስ (ዛፎቹን የምለይበትን የዲኤንኤ ምልክት) በተደጋጋሚ አጫጭር ቅደም ተከተሎች መካከል ያለውን አይኤስኤስአር ላድርገው ወይስ ድግግሞሾቹን ራሳቸውን የሚያነበውን ኤስኤስአር? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ቡናማው ፖሊፌኖል (ቅጠልን የሚያጠቁር ውሁድ)፣ ዝልግልጉ ፖሊሳካራይድ (የስኳር ሰንሰለት) ነው። ሁለቱም በፒሲአር ዲኤንኤውን የሚገለብጠውን የታክ ፖሊመሬዝ ኢንዛይም ሥራ ያግዳሉ። ለማረጋገጥ ዲኤንኤውን 10 እጥፍ አቅጥነው ፒሲአሩን ይድገሙት፤ ባንድ ከታየ ጥፋቱ የፕራይመሩ (ቅጂውን የሚያስጀምረው አጭር ዲኤንኤ) አይደለም።

መፍትሔው የሚጀምረው ቅጠሉ ከዛፉ ሲቆረጥ ነው። የጠነከረውን ቅጠል ይተዉትና ገና ቀላ ያለውን ለጋ ይቁረጡ። ወዲያው በወረቀት ከረጢት አድርገው፣ ክብደቱ ከቅጠሉ ቢያንስ 10 እጥፍ በሆነ ሲሊካ ጄል ውስጥ ይቅበሩት። በማግስቱ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ አልደረቀም። በክረምት ሲሊካው ቶሎ እርጥበት ስለሚጠግብ ቀለሙ እንደተለወጠ ይቀይሩት። ቀስ ብሎ የደረቀ ቅጠል ላቦራቶሪ ሳይደርስ ይጠቁራል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ኬሚካል አይመልሰውም።

ዲኤንኤውን ለማውጣት 2 በመቶ ሲታብ (የህዋስ ሽፋንን የሚያፈርስ ሳሙና መሰል ኬሚካል) ያለው በፈር ይጠቀሙ። የተለመደውን 1.4 ሞላር ጨው ወደ 2 ሞላር ከፍ ቢያደርጉት ፖሊሳካራይዱ ከዲኤንኤው ጋር አብሮ አይዘቅጥም። ፖሊፌኖሉን የሚይዝ 2 በመቶ ፒቪፒ ይጨምሩ፤ ፖሊፌኖሉ እንዳይጠቁር የሚከላከለውን ቤታ መርካፕቶኢታኖል ግን ሊጠቀሙ ሲሉ ብቻ፣ ጭስ በሚስበው ሳጥን ውስጥ ይጨምሩ። በ65 ዲግሪ ለ45 ደቂቃ ያቆዩትና በክሎሮፎርም አይሶአሚል አልኮል (24 ለ 1) ሁለት ጊዜ ያጥቡት። የዲኤንኤውን ንጽሕና በብርሃን በሚለካው መሣሪያ የ260/280 ንባብ 1.8 አካባቢ ሆኖ 260/230 ከ1.5 በታች ከወረደ ገና አልጠራም።

ለእርስዎ ጥያቄ ኤስኤስአር ይሻላል። አይኤስኤስአር ርካሽ ነው፣ በተራ አጋሮዝ ጄልም ይነበባል፤ ነገር ግን ከአባትና ከእናት የመጡትን ሁለት ቅጂዎች ለይቶ አያሳይም። ኤስኤስአር ይለያል፤ ለማንጎም የታተሙ ፕራይመሮች አሉ። ሆኖም የ2 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ልዩነት በተራ አጋሮዝ ስለማይታይ ይበልጥ የሚለይ ፖሊአክሪላማይድ ጄል ወይም ካፒላሪ መሣሪያ ያስፈልጋል።

አንድ ትልቅ ጥንቃቄ፦ ከአንድ ፍሬ ብዙ ቡቃያ የሚያወጣ ማንጎ አለ። አብዛኞቹ ቡቃያዎች የእናትየው ቅጂ ስለሆኑ የጎረቤታሞች ዛፎች አንድ ዓይነት ሊወጡ ይችላሉ። ስለዚህ ዘሩ ከየት እንደመጣ ባለቤቱን ጠይቀው ይመዝግቡ፤ ስብጥሩን ሲያሰሉም የተደገመውን አንዴ ብቻ ይቁጠሩ። እንደ ኬንትና ቶሚ አትኪንስ ያሉትን በሌላ ማንጎ ግንድ ላይ የተቀጠሉ (ግራፍት የተደረጉ) ዛፎች ለማነጻጸሪያ ሲወስዱ ደግሞ ቅጠሉ ከመገጣጠሚያው በላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከታች ያቆጠቆጠው የሌላ ዛፍ ነው።