ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር፦ ስለ ዜና፣ ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ሌላውም ጣጣ ጥያቄና መልስ

በአንድ የዜና ክፍል ውስጥ ለ19 ዓመታት የሰው ዜና ሳርም ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የጣቢያውን ስም አልጠራም፤ እሱም የእኔን የሚጠራ አይመስለኝም። «የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበርና ጥያቄው ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ስድቦቹን ትቼ (ሁለቱ በጣም ጥሩ አማርኛ ነበሩ) ሌላውን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዜና ሁሉ ለምን «ተገለጸ» ብሎ ያልቃል? የገለጸውስ ማን ነው?

መልስ፦ ከዚህ ባይጀመር ኖሮ ቅር ይለኝ ነበር። በሰዋስው ትምህርት «ባለቤት» የሚባል ነገር ተምረናል፤ ድርጊቱን የፈጸመው ማለት ነው። «ካሳ በሬ ገዛ» ሲባል ባለቤቱ ካሳ ነው። በዜና ክፍል ደግሞ ባለቤቱን መቼ ማስገባት፣ መቼ ማስወጣት እንደሚገባ ይማራሉ። ድልድይ ሲመረቅ ባለቤት አለው፤ ያውም ከነማዕረጉ፣ ከነአጃቢው፣ መቀሱን በትሪ እስካቀረበችው ልጅ ድረስ። ድልድዩ ሲሰነጠቅ ግን «መሰንጠቁ ታወቀ»። መብራት ሲገባ «እገሌ አስገባ»፤ ሲጠፋ «መቋረጡ ተገለጸ»። አንዲት የ«ተ» ፊደል ስንቱን ሰው ከተጠያቂነት አዳነች! «ተጠያቂ» የሚለው ቃል ራሱ በ«ተ» መጀመሩን ግን ማንም ልብ አላለውም።

ለወዳጆቼ የሠራሁትን አነስተኛ መዝገበ ቃላት ላካፍላችሁ። «አስታወቁ» ከተባለ ጽሑፉ ከመሥሪያ ቤታቸው ተጽፎ መጥቷል፤ እኛ ያደረግነው ነጠላ ሰረዝ መጨመር ነው። «አሳሰቡ» ከተባለ ምንም አይደረግም። «በትኩረት እየተሠራ ነው» ገና አልተጀመረም ማለት ነው። «አበረታች ውጤት ተመዝግቧል» ሲባል ቁጥሩን አትጠይቁን። «ባለድርሻ አካላት» የሚባሉት ደግሞ በስብሰባው ማብቂያ ላይ ምሳ የበሉ ሰዎች በሙሉ ናቸው፤ ጋዜጠኛውም አለበት።

ጥያቄ፦ በየበዓሉ ዋዜማ «የበግና የዶሮ ዋጋ የተረጋጋ ነው» የሚሉን የት ገበያ ሄደው ነው? አድራሻውን ብቻ ይንገሩን፣ እንሂድ።

መልስ፦ ሾላ ነው፣ እርስዎ የሚሄዱበት ሾላ። የሚለያየው አሠራሩ ነው። ለዚህ ዘገባ ሦስት ሰው ይበቃል፤ አንድ ሻጭ፣ አንድ ገዥና አንድ የንግድ ቢሮ ኃላፊ። ሻጩ ማይክሮፎን ሲደቀንበት ግብር ሰብሳቢም ሊያየው እንደሚችል ያስባልና ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። ገዥው ገና እየተከራከረ ስለሆነ «ደህና ነው» ይላል፤ ሻጩ አጠገቡ ቆሞ እየሰማ ምን ይበል? ኃላፊው «በቂ አቅርቦት ገብቷል፣ ኅብረተሰቡ እንዳይደናገጥ» ይላል። እስከዚያ ያልደነገጠው ኅብረተሰብ እዚህ ላይ ይደነግጣል።

አንድ ፋሲካ ላይ ወጣት ዘጋቢዬ የአውራ ዶሮ ዋጋ ይዞልኝ መጣ፤ በጣም ደስ የሚል ዋጋ ነበር። ገንዘቡን ከኪሴ ቆጥሬ «በዚሁ ዋጋ ለእኔም አንድ ነገ ይዘህልኝ ና» አልሁት። ዶሮውንም ገንዘቡንም አላየሁም። ልጁ ዛሬ የአንድ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው።

ስለ ዋጋ ከተነሣ ሐምሌ 22 ቀን 2016ን ላንሣ። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር የተደረገበት ዕለት ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ዜናው «የማክሮ ኢኮኖሚ ማሻሻያ» አለው። «ረከሰ» የሚለውን ግስ ለመስማት ቡና ለመጠጣት ጎረቤት መሄድ ያስፈልግ ነበር።

ጥያቄ፦ ዩቲዩብ ጋዜጠኝነትን ገደለው ይላሉ። እርስዎስ?

መልስ፦ ሰበር፣ ሰበር፣ አሁንም ሰበር። አንድ ማለዳ ስልኬን ከፍቼ ከቁርስ በፊት ዘጠኝ ሰበር ዜና ቆጠርሁ። ይህን ያህል ስብራት ካለ የሚያስፈልገን ጋዜጠኛ ሳይሆን ወጌሻ ነው። ፎቶው ላይ ቀይ ቀስት አለ፤ ቀስቱ የሚያመለክተው አንድ ባለሥልጣን ጆሮ ነው፤ አርባ ደቂቃ ሙሉ ሰምተው ሲጨርሱ ስለ ጆሮው የተባለ ነገር የለም።

ገደለው የሚለውን ግን አልቀበልም። ሰው ወደዚያ የሄደው ከእኛ ዘንድ ያጣውን ባለቤት ፍለጋ ነው። እኛ «ግለሰቦች ተያዙ» ስንል ዩቲዩቡ ስም ይጠራል። የሚጠራው ስም አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ነው፣ ግን ስም ነው! የተራበ ሰው የእንጀራውን ዓይን አይቆጥርም።

ደግሞስ መቼ ነው ወሬ በመንግሥት በኩል ብቻ የተላለፈው? በምኒልክ ዘመን «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ይወጣ እንደነበር ይነገራል። ሃያ አራት! ንጉሡና መኳንንቱ ያንን ሲያነቡ የቀረው ሕዝብ ከአዝማሪ ይሰማ ነበር። ሹሞቹም ቢሆኑ የአገሩን ሐሳብ ማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር እንጂ ጋዜጣ አያገላብጡም። የዛሬው እረኛ ከቪዲዮው ሥር አስተያየት ይጽፋል። ልዩነቱ የድሮው እረኛ በግጥም መሳደቡ ነው።

ጥያቄ፦ አርሰናል ዘንድሮ ዋንጫ ይበላል?

መልስ፦ የፖለቲካ ጥያቄ አልመልስም ብያለሁ።

ጥያቄ፦ ስለ ኳስ ከተነሣ፣ ብሔራዊ ቡድናችን «በሜዳው» ሲባል ለምን ሰው አገር ይጫወታል?

መልስ፦ በ1954 የአፍሪካን ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ወሰድን፤ ጃንሆይ እያዩ። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 2014 ላይ፣ ግብፅን እንደገና 2 ለ 0 አሸነፍን። ባለሜዳዎቹ እኛ ነበርን፤ ሜዳው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የእኛን ስታዲየሞች ደረጃችሁን አታሟሉም ብሎ ዘግቷቸው ነበርና። ሜዳ የሌለው ባለሜዳ በየትኛውም ቋንቋ አስቸጋሪ ነው።

በየከተማው ስንት የስታዲየም መሠረት ድንጋይ እንደተቀመጠ ሳስብ፣ ድንጋዮቹን ብቻ ሰብስበን ብንደረድራቸው አንድ ጥሩ መቀመጫ ይወጣቸዋል። እያንዳንዱ ድንጋይ ሲጣል ዜናውን ያረምሁት እኔ ነኝ። ባለቤት ነበረው።

ጥያቄ፦ እናቴ የቱርክ ድራማ ካላለቀ እራት አታቀርብም። በዚህ ላይ የእርስዎ አቋም ምንድን ነው?

መልስ፦ አቋሜ ከእናትህ ጎን ነው። በ2008 ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የጥበብ ሰዎች ባህል ጠፋ፣ እንጀራችን ተወሰደ ብለው ጮኹ። የእንጀራው እውነት ነበር። የባህሉ ግን ያስቀኝ ነበር፤ ምራቷን የምታሰቃይ አማት፣ በውርስ የሚጣላ ወንድማማች፣ በር ላይ ጆሮዋን የምትለጥፍ ሠራተኛ፤ ይህ የእኛ ሰፈር ካልሆነ የማን ነው? ቱርክኛም እንደ አማርኛ ግሱን እስከ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ደብቆ ያቆያል። «እኔ አንተን ከዚህ ቤት...» ብላ ተዋናይዋ ስትተነፍስ «አባርርሃለሁ» ይሁን «አወጣሃለሁ» ይሁን «አስታውስሃለሁ» አይታወቅም። እንዲህ ዓይነት ልብ ሰቀላ በእንግሊዝኛ አይገኝም።

ያሸነፉን በሌላ ነው፤ በሰዓታቸው ይጀምራሉ። የእኛው ድራማ «በተለያዩ ምክንያቶች» የዛሬው ክፍል አልቀረበም። ምክንያቶቹስ? አልተገለጹም።

ጥያቄ፦ የበዓል ፕሮግራሞች ድሮ ደስ ይሉ ነበር። ምን ነካቸው?

መልስ፦ ቢራ ነው የጠፋው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከለከለ፤ ለጤና ጥሩ ሕግ ነው፣ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ኮንሰርቱንም፣ ቀልዱንም፣ የቄጤማውንም ሒሳብ ይከፍል የነበረው ጠማቂው ነበር። ዛሬ የሚከፍለው ባንክና ቤት ሻጭ ነው። ባንክ ገንዘብ ሲያወጣ ሰው እንዲስቅበት አይፈልግም። ስለዚህ አርቲስቱ ነጭ ለብሶ ቁጭ ብሎ «በዓል በእናንተ ቤት እንዴት ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል፣ «እናቴ ድፎ ዳቦ ስትደፋ...» ብሎ ይጀምራል። የሁሉም እናት ድፎ ዳቦ ደፍታለች። የአንዱ እንኳን እናት አላቃጠለችም?

ጥያቄ፦ እንግዳው ካላለቀሰ ፕሮግራሙ አያልቅም እንዴ?

መልስ፦ አያልቅም። ፒያኖው አስቀድሞ ተከፍሎበታል።

ጥያቄ፦ የፈተና ጊዜ ኢንተርኔት ይዘጋ የነበረው ለምን ነበር? ልጆቼ አያምኑኝም።

መልስ፦ ይመኑ። በ2008 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ሾልኮ ማኅበራዊ መገናኛ ላይ ስለወጣ ተሰረዘ፤ በኋላም ፈተና በመጣ ቁጥር ኢንተርኔት መዝጋት ልማድ ሆነ። ፈተናው ተሰረቀ፣ ኢንተርኔቱ ታሰረ። በ2015 ደግሞ በቤተ ክህነቱ ውዝግብ ምክንያት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለወራት ታግደው ሳለ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መግለጫቸውን በዚያው በታገደው ፌስቡክ ይለጥፉ ነበር። አገሩ በሙሉ፣ አያቶች ሳይቀሩ፣ ቪፒኤን መጫን ተማረ።

የ2014ቱ ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። እዚህ ላይ ባለቤት ወዲያው ተገኘ፤ ተማሪው «ወደቀ»። መጽሐፍ ያላደረሰለት፣ መምህር ያልመደበለት ግን «የትምህርት ጥራት መጓደሉ ታየ» በምትለው ውስጥ ተጠልሎ ቀረ።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ነው የምጽፈው። አገር ቤት ያለውን እሳት የምናቀጣጥለው እኛ ውጭ ያለነው ነን ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሁላችሁም አይደላችሁም። አብዛኛው ሁለት ሥራ ሠርቶ ለእናቱ ገንዘብ የሚልክ ሰው ነው፣ ለመጮኽም ጊዜ የለውም። ግን አንድ ዓይነት ሰው አለ፤ መኪናውን የገበያ አዳራሽ ደጃፍ አቁሞ፣ ቀበቶውን ሳይፈታ፣ «ተነሥ!» ብሎ በቀጥታ ሥርጭት የሚያዝዝ። ቀበቶው ነው የሚገርመኝ። እሱ ስለ አደጋ ያውቃል።

ጥያቄ፦ ታዲያ እርስዎ ምን ያምናሉ? ምን ያነባሉ?

መልስ፦ ነጋሪት ጋዜጣ። አትሳቁ። ከ1934 ጀምሮ ሕጋችን የሚታተምበት ነው። ቴሌቪዥኑ «አዋጁ ጸደቀ» ብሎ ወደ ስፖርት ሲያልፍ፣ ጋዜጣው ማን እንደሚቀጣ፣ ስንት ዓመት፣ ስንት ብር፣ በማን ትእዛዝ እንደሆነ አንቀጽ በአንቀጽ ይነግራል። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ባለቤት አለው። በተረፈ የሐዘን ማስታወቂያ አነባለሁ፤ እዚያም ማን እንደሞተ በግልጽ ይጻፋል።

ጥያቄ፦ ብዙ አወራህ። አንተ ራስህ በ19 ዓመት ውስጥ ስንት «ተገለጸ» ጻፍህ?

መልስ፦ በ«አንተ» የጠየቅኸኝ አንተ ብቻ ነህ፤ እውነቱን ላንተ ልንገርህ። አልቆጠርሁትም፤ ብቆጥረው እንቅልፍ አይወስደኝም። አንድ ጊዜ ግን ሞክሬ ነበር። አንድ ሰፈር ውኃ ከጠፋ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበርና «እገሌ መሥሪያ ቤት የሰፈሩን ውኃ ዘጋ» ብዬ ጻፍሁ፤ ማስረጃውም በእጄ ነበር። ማታ ሲነበብ «በአካባቢው የውኃ መቆራረጥ መከሰቱ ተገለጸ» ሆኖ ሰማሁት። በማግሥቱ አለቃዬ ቢሮ ገብቼ «ማን ነው ያስተካከለው?» አልሁት።

መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «እንዲስተካከል ታዞ ነው» አለኝ።