መልስ፦ ከመሣሪያው በፊት ቁልቁለቱን ማንበብ ተማር

ሰላም ወንድሜ። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ካለችው ዴንቨር ከተማ ወጥተህ በበረዶው ወራት ተራራ ላይ ለመጓዝ መጀመሪያ የትኛውን የበረዶ ናዳ መከላከያ መሣሪያ ልግዛ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ የማስቀድመው የቁልቁለት መለኪያ፣ ማለትም ቦታው ስንት ዲግሪ እንደሚያዘነብል የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ገዳይ ናዳ በአብዛኛው የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ቦታ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚቀሰቅሰውም ተጓዡ ራሱ ወይም ባልደረባው ነው። በለዘብተኛ ቦታ ስትሄድም በላይህ ያለውን ዳገት ተመልከት፤ ከታች ሆኖ ናዳ መቀስቀስ ይቻላል።

የኮሎራዶ በረዶ በተለይ ያሳስበኛል። መጀመሪያ የጣለው ስስ በረዶ በብርዱ ወራት እንደ ስኳር ልል ቅንጣት ይሆንና፣ በላዩ የሚከመረውን ከባድ ንጣፍ መሸከም ያቅተዋል። ላዩ ጠንካራ ይመስላል፤ አደጋው ግን ለሳምንታት ከሥር ይቆያል። ስለዚህ የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል በየቀኑ የሚያወጣውን ትንበያ ሳታነብ አትውጣ። ከአምስቱ የአደጋ ደረጃዎች 3ኛውን «መካከለኛ ነው» ብለህ እንዳትንቀው፤ ብዙ ሰው የሚሞተው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

ስለ በረዶ ናዳ የሚያስተምር ቪዲዮ ጥሩ መግቢያ ነው፤ ሦስት ቀን ያህል የሚፈጀውን የመጀመሪያ ደረጃ የናዳ ሥልጠና ግን አይተካም። ምልክት አስተላላፊ (በረዶ ሥር የተቀበረ ሰው ያለበትን ቦታ ለማግኘት የሚረዳ የሬዲዮ መሣሪያ)፣ በረዶው ውስጥ እየወጉ የሚፈልጉበት ዘንግና አካፋ እያንዳንዳችሁ ያዙ። የተቀበረ ሰው በሕይወት የመገኘት ዕድሉ ከመጀመሪያዎቹ 10 እስከ 15 ደቂቃዎች በኋላ በፍጥነት ስለሚያሽቆለቁል፣ የነፍስ አድን ቡድን እስኪደርስ መጠበቅ አይቻልም። የሚያወጡህ አብረውህ ያሉት ናቸውና ጓደኞችህም አብረውህ ይሠልጥኑ።